የቦኖው ደብተር

ከጥቅምት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የያዝኩት ማስታወሻ ነው። ከደሴ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ፣ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ጋር ስንሠራ የሆነውን በየቀኑ እንደሆነ ጽፌዋለሁ። የልጆቹን ስም አልጠቀስኩም፤ ከእነሱም ከወላጆቻቸውም ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። የተሳሳትኩበትንም አልሰረዝኩም።

ጥቅምት 3፣ ቅዳሜ

15 ልጆች ጠርቼ 11 መጡ። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ፈቀደልን፤ ሰሌዳው የተሰነጠቀ ቢሆንም ጠመኔ ይይዛል። ይዤ የሄድኩት ዕቅድ የ12 ሳምንት ነበር፦ በራስ መተማመን፣ በሰው ፊት መናገር፣ ከዚያ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ ሰፍቶ ለክፍል ጓደኞች ማደል። ጨርቁን ሳይቀር ከኮምቦልቻ አስመጥቼ ነበር። አንድ በአንድ አስረዳሁ። «ገባችሁ?» ስል «እሺ እትዬ» አሉ። «ጥያቄስ?» ስል ዝም።

ስንወጣ ነው አንዷ መጨረሻ ወንበር ላይ ጭንቅላቷን ደስኩ ላይ ጥላ እንደተኛች ያየኋት። ቀሰቀስኳት። ደንግጣ «ወረፋ ይዤ ነው ያደርኩት» አለችኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምራ ቦኖ ደጃፍ ቆማ ነበር ለካ።

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ

ዕቅዴን ሰሌዳ ላይ ልጽፍ ጠመኔ አንስቼ ተውኩት። ያለፈው ሳምንት «እሺ» ሲቆረቁረኝ ነው የሰነበተው። «እሺ» የታዛዥ ልጅ ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ የመጣሁት ታዛዥ ለማፍራት አይደለም። አንዳንድ ወረቀት ሰጠኋቸውና «ትናንት ከተነሣችሁበት እስከ ተኛችሁበት ያለውን በየሰዓቱ ጻፉልኝ» አልኳቸው።

ከ11 ወረቀት 9ኙ ላይ «ቦኖ» የሚል ቃል አለ። ቦኖው ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ይከፈታል። የትምህርት ቤቱ በር የሚዘጋው 2 ሰዓት ላይ ነው፤ የሚለቀቁት 9:30። ጠዋት ውሃ የቀዳች ልጅ ይረፍድባታል፤ ከሰዓት የምትሮጥ ደግሞ ወረፋው ሳይደርሳት ይዘጋል። የረፈደባት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ግቢ ስትጠርግ ታሳልፋለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በአብዛኛው ሒሳብ ነው። ባለፈው «ሒሳብ አይገባኝም» ያለችኝ ልጅ ወረቀቷን ሳየው፣ በዚያ ሳምንት ሒሳብ የተማረችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያልሰማችውን እንዴት ብሎ ይግባት!

ማታ ቤቴ ገብቼ የቦጋለች ገብሬን ታሪክ አስታወስኩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ከአሜሪካ ወደ ትውልድ አገራቸው ከምባታ ሲመለሱ ልባቸው ያለው የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቀረቱ ላይ ነበር። የአካባቢው ሰው ግን አስቀድሞ የነገራቸው የድልድይ ችግሩን ነው፤ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ ገበያተኛም ወደ ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩ ቀደመ። ስለ ግርዛቱ ቁጭ ብሎ መነጋገር የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ታሪክ ለሰው ስንቴ አውርቼዋለሁ፤ ጨርቅ ገዝቼ ስመጣ ግን አልታወሰኝም።

ጨርቁን አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

ከትናንት በስቲያ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሆነው ተሾሙ። ልጆቹ ሳልጠይቃቸው ጀመሩት። አንዷ ንግግራቸውን በሬዲዮ ሰምታለች፤ ስለ ሴቶች ብዙ ተናገርኩ ካላችሁ ገና መጀመሬ ነው ያሉትን እየደጋገመች ታወራለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲሱ ካቢኔ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆነው መጽደቁን ሁሉም ያውቃል። ክፍሉ ደመቀ።

እዚህ ላይ ነው ያቺ ወረፋ ስትጠብቅ ያደረችው፣ እስካሁን አንድ ቃል ያልተነፈሰችው ልጅ፣ እጇን ሳታወጣ «የቦኖ ኮሚቴውስ ስንት ሴት አለው?» ያለችው።

ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ የመጀመሪያ የቤት ሥራችን ሆነ።

ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ

መልሱ መጣ። ኮሚቴው 7 አባላት አሉት፤ በወረቀት 2ቱ ሴቶች ናቸው። አንዷ ገንዘብ ያዥ ትባላለች፤ ገንዘቡን ግን አይታው አታውቅም።

በነጋታው ወደ ቀበሌ ካልሄድን አሉ፤ ገና ሞቅ ብሏቸዋል። እኔ በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፦ «ሊቀ መንበሩ ወረፋው ያን ያህል አይረዝምም ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ?» ተያዩ። መቁጠር እንዳለብን እነሱ ናቸው ያሉት።

ደብተሩን አብረን አሰመርን። ወረፋ የያዘችበት ሰዓት፣ የቀዳችበት ሰዓት፣ ስንት ጀሪካን፣ ሴት ወይስ ወንድ፣ ተማሪ ናት ወይስ አይደለችም። የሰው ስም እንጻፍ አንጻፍ ክርክር ተነሣ። «ስሜን ለምን ጻፋችሁ ብሎ የሚቆጣ አለ» አለች አንዷ። ዘዴውን ያመጣችው የ7ኛ ክፍሏ ናት፦ ጀሪካኑን እንጻፍ።

ቦኖ ደጃፍ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ወረፋ የሚይዘው ሰውየው አይደለም፣ ጀሪካኑ ነው። ሁሉም ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው፤ ሁሉም ግን የባለቤቱን ምልክት ይዟል። አንዱ በክዳን ፈንታ ቆረቆንዳ ተወትፎበታል። አንዱ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። አንዱ በጋለ ብረት መስቀል ወይም ጨረቃ ተተኩሶበታል። አንዱ ሥሩ ቀድዶ በቀለጠ ላስቲክ ተደፍኗል፤ ጠባሳው ጥቁር ነው። እናቶች ከሩቅ ሆነው «ቆረቆንዳው ያለው የማን ነው? ገፋ አርጉት!» ሲሉ ይሰማል። እናም በደብተሩ ላይ «ቀይ ክር»፣ «ቆረቆንዳ»፣ «የተደፈነው» እያልን እንጽፋለን።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

አምስት ጠዋት፣ ሁለት ሁለት ልጅ እየሆኑ ቆጠሩ። 143 ሰው። ከነዚያ 121ዱ ሴቶች፤ ከሴቶቹ 64ቱ ተማሪዎች። ብዙዎቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመዋል።

ዛሬ ግን የዋለብን ነገር ሌላ ነው። የኀሙሱን ገጽ ሳነብ ሰዓቶቹ ሁሉ ክብ ክብ ሆኑብኝ፤ 12:30፣ 1:30፣ 12:30፣ 1:30። የጻፈችው በንግግር የሚያክላት የሌለ፣ ሁላችንም «የወደፊቷ ፓርላማ» የምንላት ልጅ ናት። ጠየቅኳት። እንቅልፍ ጥሏት ዘግይታ እንደደረሰችና ያላየችውን በግምት እንደሞላችው ነገረችኝ። «ያው ነው እኮ እትዬ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ግን አላየችውም።

ምን እንደሚደረግ ለራሳቸው ተውኩት። ቤቴ ሆኖ ቢሆን እኔው ሰርዤ እጨርሰው ነበር። ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። አንዷ «ብዙ ካልሆነ አይሰሙንም» አለች። ሌላዋ «አንዱ ውሸት ከተገኘ ሁሉም ውሸት ይባላል» አለች። በመጨረሻ የኀሙሱ ገጽ ተሰረዘና ሌላ ኀሙስ ሊቆጠር ተወሰነ። የሰረዘችው ራሷ ናት፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ እያለ። ትታን እንዳትቀር ፈርቼ ስትወጣ አቅፌ ሸኘኋት።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

መጥታለች። ኀሙሱንም እሷው ደግማ ቆጥራዋለች፤ ከ12 ሰዓት ጀምራ።

ዛሬ የቦኖ ጠባቂዋን ለማነጋገር ቀጠሮ ነበረን። ልጆቹ ሴትየዋን አይወዷቸውም፤ «ቁልፉን ይዘው ሆን ብለው ነው የሚዘገዩት» ይላሉ። እኔ ልሂድላችሁ ባይ ነበርኩ። ሁለቱን መረጡና እኔን ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ሆኜ ድምፅ ይሰማል እንጂ ቃሉ አይለይም።

ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጧል። እማማ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተው እንጀራ ይጋግራሉ፤ ጠዋት ለምግብ ቤቶች ያደርሳሉ፤ ከዚያ ነው ወደ ቦኖው የሚሮጡት። ከሰዓትም ከ10 ሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ እንጀራ ይሸጣሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ ከሚሸጠው ውሃ ነው የሚታሰብላቸው፣ አንድ ጀሪካን 50 ሳንቲም እየተሸጠ። በዚያ ላይ ከ4ቱ ቧንቧ የሚሠራው 2ቱ ብቻ ነው። የተበላሹት ሁለቱ ያለቀችባቸው ውስጥ ያለችው ጎማ ናት። እማማ ሦስት ጊዜ ለኮሚቴው ተናግረዋል። አንዱን ቧንቧ እንዳያንጠባጥብ ፌስታል ቀድደው፣ ገመድ አድርገው አጥብቀው አስረውታል፤ ልጆቹ ያንን ፌስታል በየቀኑ ሲያዩ ኖረዋል።

«እኛ ሰዓቱን እንጂ ቧንቧውን አልቆጠርንም» አለች ዝምተኛዋ። ደብተሩ ላይ አዲስ መስመር ጨመረች።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

የእናቶች ቡና፣ በአንዷ ልጅ ቤት። ልጆቹ ሁለት ሐሳብ ይዘው ገቡ። አንደኛው ቦኖው ከንጋቱ 11 ሰዓት ይከፈት የሚል ነው። እናቶቹ በአንድ አፍ «ጅብ!» አሉ፤ ያ ሐሳብ አቦል ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ተማሪ በቅድሚያ ይቅዳ የሚል ነው። ጡት የምታጠባ እናት ልጇን ወደ ላይ ብድግ አድርጋ «ይሄስ ተማሪ አይደለምና ውሃ አይጠጣ?» አለች። በረካ ላይ ደግሞ አንዲት እናት «ማታ ቢሆንልን እኮ» አሉ፤ ከ10 እስከ 12። ተማሪውም ተለቅቋል፣ ገበያተኛም ተመልሷል፣ ጅቡም ገና ነው። የመጣነው የራሳችንን ልናስረዳ ነበር፤ ይዘን የወጣነው የእነሱን ነው።

እኔ ብዙ አወራሁ። ሲመለሱ ደንብ አወጡብኝ፦ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ልጆች ሳይናገሩ እትዬ አትናገርም። ተቀበልኩ።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮሚቴውን ለማግኘት ተመላለሱ። ማክሰኞ ኑ ተባሉ፤ ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ዐርብ ኑ፤ ዐርብ «ወላጅ ይዛችሁ ኑ»። አንጀቴ አልችል አለ፤ ሳልነግራቸው ለሊቀ መንበሩ ስልክ ደወልኩ። በአምስት ደቂቃ ቀጠሮ ተያዘ። ደስ ብሎኝ ዛሬ አበሠርኳቸው።

ማንም አልተደሰተም። «የቀጠሩት እኛን ነው ወይስ አንቺን?» አለችኝ የኀሙሷ ልጅ። መልስ አጣሁ። ለካ ያን ሁሉ ሲመላለሱ ጸሐፊዋን ተወዳጅተው፣ የሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ ቀን ደርሰውበት፣ በማመልከቻ ሊገቡ ጽፈው ጨርሰው ነበር። እኔ በአንድ ስልክ የልጆቹን ጉዳይ የእኔ ጉዳይ አደረግሁት። ሊቀ መንበሩ ዘንድ መልሼ ደወልኩና ቀጠሮው እንዲሰረዝ፣ ልጆቹ በራሳቸው ማመልከቻ እንደሚመጡ ነገርኳቸው። ግራ ገባቸው፤ ግን እሺ አሉ። ይህን ሥራ ለምትጀምር እህት ከዚህ ሁሉ አንድ ገጽ ስጪ ብባል የዛሬውን እሰጣታለሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ማመልከቻው ተቀባይነት አገኘ፤ ስብሰባው ትናንት ሆነ። እኔ በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ነበርኩ።

ንግግር እንድታደርግ የተመረጠችው የኀሙሷ ልጅ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመድ ከርማለች። ቆመች። «የተከበራችሁ አባቶቻችን» አለችና ጉሮሮዋ ተዘጋ። አምስት ሽማግሌ ያያታል። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር ማለት ይቻላል። ዝምተኛዋ ግን ቀደመችኝ፤ ደብተሩን ከጓደኛዋ እጅ ወሰደችና፣ ሰላምታም መግቢያም ሳትል ማንበብ ጀመረች።

«ሰኞ። ቆረቆንዳ። 12:30 ወረፋ ያዘች፤ 1:40 ቀዳች። ሁለት ጀሪካን። ተማሪ።»

«ሰኞ። የተደፈነው። 12:35 ያዘች፤ 1:50 ቀዳች። አንድ ጀሪካን። ተማሪ አይደለችም፤ ሕፃን አዝላለች።»

«ሰኞ። ቀይ ክር። 12:40 ያዘች፤ 1:55 ቀዳች። ሁለት ጀሪካን። ተማሪ።»

ድምፅዋ አይወጣም አይወርድም። ማክሰኞን አነበበች። ረቡዕን አነበበች። ረቡዕ ላይ «ቀይ ክር፤ 12:40 ያዘች፤ 2:10 ቀዳች» ስትል አንደኛው አባል መነጽራቸውን አወለቁ። «ቆይ እስቲ» አሉ። «ቀይ ክር የእኔ ቤት ጀሪካን ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። «2:10? ትምህርት ቤት መቼ ትገባለች ታዲያ?»

«አትገባም አባባ» አለች። «ግቢ ትጠርጋለች።»

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። ሁለቱ ቧንቧዎች በኮሚቴው ገንዘብ እንዲጠገኑ ወዲያው ተስማሙ። የማታው ሰዓት «ይታያል» ተባለ። ሴት አባላቱ ለምን እንዳልመጡ ልጆቹ ሲጠይቁ፣ ስብሰባው ሁልጊዜ በገበያ ቀን ስለሚውል እንደሆነ ታወቀ። ሁለቱም ነጋዴዎች ናቸው። ሊቀ መንበሩ «ይህን አላሰብንበትም» አሉ፤ የምር እንዳላሰቡበት ፊታቸው ይናገር ነበር።

የኀሙሷ ልጅ መንገድ ላይ አለቀሰች። ዝምተኛዋ ክንዷን ይዛ «ገጹን ባትሰርዢው ኖሮ እኔም አላነበውም ነበር» ስትላት ሰማሁ።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ሁለቱን ጎማ ቀየረ። 40 ደቂቃ አልፈጀበትም። ስንት ዓመት በ40 ደቂቃ! እማማ ፌስታሉን ፈትተው ጣሉት። አራቱም ቧንቧ አንድ ላይ ሲወርድ ጀሪካኑ የሚያወጣው ድምፅ መጀመሪያ ወፍራም ነው፣ ሲሞላ እየቀጠነ ይሄዳል፤ አራቱ ተቀባብለው ሲያሰሙት ልጆቹ ቆመው ያዳምጡ ነበር።

ጥር 4፣ ቅዳሜ

ገና አልፎ ጥምቀት ደርሷል። 6 ልጆች ብቻ መጡ። የእማማን ካርኔ ይዘን ገቢ ደመርን፤ በ4 ቧንቧ ሳምንታዊው ሽያጭ ከ380 ወደ 510 ብር ገደማ ደርሷል። የማታውን ሰዓት የምትይዝ ሌላ ሰው ከዚህ ጭማሪ ሊታሰብላት ይችላል፤ እማማም የእሳቸው አይነካም። ስሌቱን የሠራችው ያቺ «ሒሳብ አይገባኝም» ባይዋ ናት። ሁለት ጊዜ አጣርቼዋለሁ፣ ልክ ነው።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ማስታወሻዬ ዛሬ ስለ ቦኖ አይደለም። የኀሙሷ ልጅ ሦስት ሳምንት ቀርታለች። የጥር ሠርግ መስሎኝ ልቤ ፈርቶ ነበር። አይደለም፤ ዓረብ አገር ነው። ታላቅ እህቷ ጂዳ ናት። ደላላ ቤታቸው መጥቶ «8ኛን ትጨርስ፣ ዕድሜውን እኛ እናስተካክላለን» ብሏል። ልጅቱ 15 ዓመቷ ነው።

ሕጉ የታወቀ ነው፤ ዘንድሮ፣ በ2011፣ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት የሞላው፣ 8ኛ ክፍልም የጨረሰ ይሁን ይላል። የትምህርቱ ነጥብ ሠራተኛዋን ሊጠብቃት የተቀመጠ ነው፤ በኛ ሰፈር ግን 8ኛ ክፍል ራሱ የአውሮፕላን ቲኬት ሆኗል። በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከኛም ሰፈር ባዶ እጃቸውን የመጡ ነበሩ። እናቶች ይህን ያውቃሉ። ድህነቱን ደግሞ ከዚህም በላይ ያውቁታል፤ ለዚህ ነው እናትየዋን ልወቅሳቸው ያልቻልኩት።

ፖሊስ እንጥራ የሚል ሐሳብ እኔው አነሣሁ፤ ሦስቱ ቀድመው ተናግረው ነበርና ደንብ አልጣስኩም። ደላላውን በተመለከተ አሁንም በዚያው ሐሳቤ ነኝ፤ ለሚመለከታቸው ተናግሬያለሁ። ልጆቹ ግን «እናቷን ከሰሰች ይሏታል፤ ከዚያ ማን ያቀርባታል?» አሉ። ቡና ይዘው ሊሄዱ ቆረጡ። ስኳሩን እኔ ገዛሁ።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ቡናው ሲፈላ ታላቅ እህቷ በኢሞ ደወለች። ዝምተኛዋ ስልኩን ተቀብላ፣ ልክ እንደ ስብሰባው ቀን፣ ልጅቱ ያደረገችውን ተራ በተራ ነገረቻት፦ ገጹን እንደሰረዘች፣ ኀሙስን ከ12 ሰዓት ጀምራ እንደቆጠረች፣ ቧንቧው እንደተጠገነ። ከወዲያ ማዶ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ እህቷ «ስልኩን ለእማዬ ስጪያት» አለች። የተባለውን ልጽፈው አይገባም፤ የእነሱ ነው። የጠራው ነገር፣ ልጅቱ ሰኞ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ 9ኛ ክፍልም ትቀጥላለች፣ እህቷ ለደብተር ትልካለች። ለከርሞ ያለው ያስፈራኛል። ደላላው ሰፈሩን አልለቀቀም።

የካቲት 30፣ ቅዳሜ

ትናንት ማርች 8 ነበር። ልጆቹ አበባ ይዘው እንዲዘምሩ ተጠይቀው ነበር። «እንዘምራለን፤ ግን 5 ደቂቃ ስጡንና ደብተሩን እናንብብ» አሉ። ተፈቀደ። ያነበበችው የኀሙሷ ልጅ ናት። «የተከበራችሁ» አላለችም፤ በቀጥታ «ሰኞ። ቆረቆንዳ።» ብላ ጀመረች። የ6ኛ ክፍል ልጆች ቁጭ ባሉበት ረድፍ ሳቅና ሹክሹክታ ሆነ፤ የራሳቸውን ጀሪካን እየለዩ።

ከዚያ ወዲህ አርፋጅ ግቢ ማስጠረጉ ቀርቷል። ማንም በይፋ አላወጀውም፤ መጥረጊያው ብቻ መጋዘን ገባ።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

የኮሚቴው ስብሰባ ከገበያ ቀን ተነሥቶ እሑድ ከሰዓት ሆነ። ሁለቱ ሴት አባላት ባለፈው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኙ። ገንዘብ ያዥዋ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መዝገቡን አሳዩኝ» ነበር አሉ። የማታው ሰዓት ከ10 እስከ 12 ጸደቀ፤ ቁልፉን የምትይዘው በረካ ላይ ሐሳቡን ያመጡት እናት ልጅ ናት። እማማ ጠዋቱን ቀጥለዋል።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ማክሰኞ፣ እንጀራ ልገዛ መናኸሪያ ስሄድ፣ ከእማማ ነው። ልጆቹ ሊነግሩኝ ረስተዋል።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

አርፍጄ ደረስኩ፤ ስብሰባው ተጀምሯል። ሁለት የ6ኛ ክፍል ልጆች ተጨምረዋል። ሰሌዳው ላይ የቀኑ አጀንዳ በዝምተኛዋ ጽሕፈት ተጽፏል፦ «የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ»።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። በወር አበባ ጊዜ ከትምህርት የሚቀሩት መጠበቂያ አጥተው ብቻ አይደለም፤ በሩ አይዘጋም፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ውጭ ቆማ በሩን መያዝ አለባት፤ ጓደኛ የሌላት አትገባም። ሁለት ሳምንት ቆጥረውታል። ከ5ቱ በር 4ቱ መቀርቀሪያ የላቸውም።

ሦስቱ ተናግረው ተራው ሲደርሰኝ፣ ስለዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ስላለው ጨርቅ ነገርኳቸው። «እስካሁን አለሽ?» አሉ።

የሥራ ድልድሉ፦ የ6ኛ ክፍሎቹ የ4ቱን በር ስፋት ይለካሉ። ዝምተኛዋ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ማመልከቻ ታስገባለች። የኀሙሷ ልጅ ከገበያ የመቀርቀሪያና የብሎን ዋጋ ከሦስት ሱቅ ጠይቃ ትመጣለች፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። እኔ ጨርቁን አመጣለሁ፤ አሥራ አንድ መርፌና ሁለት ጥቅል ክርም እንድጨምር ታዝዣለሁ።